ቁና በቁና፤ ስለ እንግሊዝኛ የመስፈሪያ ቃላትና ስለ ትርጕማቸው

የመስፈሪያ ቃል በብዙ ሕዝብ ዘንድ የተወለደው ከሰው አካልና ከእርሻ ነው። የእንግሊዞችም ቋንቋ ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። «ፉት» ማለት እግር ነው፤ የባሕር ጥልቀት የሚለካበት «ፋዘም» በጥንታዊው እንግሊዝኛ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች ማለት ነበር፤ «ኤከር»ም በሬዎች በአንድ ቀን ያርሱታል ተብሎ የሚገመት መሬት ስለ ነበረ ከኢትዮጵያ ገበሬ ጥማድ ጋር ወንድማማች ነው።

ከጊዜ በኋላ ሕግ እነዚህን ቃላት በቍጥር አሰራቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1593 ዓ.ም. በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ማይል 5,280 ፉት እንዲሆን ተደነገገ፤ በ1824 ዓ.ም. የመስፈሪያው ሥርዓት በአንድ ሕግ ተጠቃለለ፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ያርድ 0.9144 ሜትር ሆኖ በስምምነት ጸና። ይሁን እንጂ ሕጉ ቃሉን ያሰረው በገበያና በመርከብ ላይ ነው እንጂ በሰው አንደበት አይደለም። እንግሊዛዊው የባልንጀራዬን አሳብ «ፋዘም» ማድረግ አቃተኝ ሲል ስድስት ፉት ገመድ አያስብም፤ ጥልቀቱን አልደረስሁበትም ማለቱ ነው። አማርኛም ይህን ጠባይ ያውቀዋል። «ልክ» የመጠን ስም ሲሆን «ልክ ነው» ሲባል እውነትን፥ «ልክህን ዕወቅ» ሲባል ግን ተግሣጽን ያመለክታል።

ተርጓሚ በዚህ ስፍራ ሁለት ፈተና ያገኘዋል። አንደኛው ሁሉን ወደ ሜትርና ወደ ኪሎ መለወጥ ነው፤ ሁለተኛው ሁሉን በአገር መስፈሪያ መተካት ነው። ሁለቱም ያለ ምርመራ ቢሠሩባቸው ያሳስታሉ።

ጆን ሄይዉድ በ1546 ዓ.ም. ባሳተመው የምሳሌ መጽሐፍ ውስጥ ኢንች ሲሰጡት «ኤል» ስለሚወስድ ሰው የሚናገር ተረት ይገኛል። ኤል 45 ኢንች የሆነ የጨርቅ መለኪያ ነበር፤ እርሱ ከገበያ ሲጠፋ ተረቱ በቦታው ማይልን ተከለ። ይህን በሁለት ተኩል ሴንቲሜትር የሚተረጕም ሰው ምሳሌውን የሒሳብ ትምህርት ያደርገዋል። ስንዝር የሰጡት ክንድ ይወስዳል ያለ ደግሞ፥ ክንድ ሁለት ስንዝር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ስስቱን ያሳንሰዋል። ስንዝር የሰጡት ጋሻ መሬት ይወስዳል ቢባል ግን የመጠኑ ርቀት ይጠበቃል፤ ምሳሌው የቆመው በርቀቱ ነውና።

«የቬኒስ ነጋዴ» በተባለው የሼክስፒር ድራማ ነገሩ ይገለበጣል። ሻይሎክ ላበደረው 3,000 ዱካት ከአንቶንዮ ገላ አንድ ፓውንድ ሥጋ ለመቍረጥ ውል ይዟል፤ ፖርሽያም የምትረታው ከፓውንዱ ሳይበልጥና ሳያንስ፥ ደምም ሳይፈስስ ቍረጥ ብላ ነው። የፍርዱ ነፍስ በሚዛኑ ልክነት ላይ ተንጠልጥሏል። ፓውንድ 453.6 ግራም ያህል ስለ ሆነ «ግማሽ ኪሎ ሥጋ» ብሎ መተርጐም ሁለት ጥፋት አለበት፤ ልኩን ያዛባል፥ ተመልካቹንም ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ ሉካንዳ ይወስደዋል። «ንጥር» የተባለው ጥንታዊ ሚዛን የተሻለ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ክብደቱ በየአገሩ ይለያይ ነበር፥ የዛሬው ሰሚም ቀድሞ ቅቤን ያስታውሳል። ስለዚህ ፓውንድ እንዳለ ይቀመጥ። ፓውንድ የገንዘብም ስም ነው፤ ጥንት የብር ክብደት ነበርና። ሥጋ በገንዘብ ፈንታ በተያዘበት ውል ይህ መንታ ትርጕም ትርፍ ነው እንጂ ጉዳት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው በ1604 ዓ.ም. በንጉሥ ጄምስ ፊት የታየው የሌላው ድራማ አርእስት ነው። ቃል በቃል «መስፈሪያ በመስፈሪያ» የሚል ሲሆን የወንጌልን ቃል ያስታውሳል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን እንደ ሰማ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት ወደ አፉ ይመጣል። ተረቱ ያማረ ነው፤ ለአርእስትነት ግን አይሆንም። እንድርያስ እንደሚባል ዳኛ ሳይሆን አንጄሎ የተባለው ሹም ክላውዲዮን በዝሙት ሞት ፈርዶበት እርሱ ራሱ የተፈረደበትን ሰው እኅት ኢዛቤላን ይመኛል፤ በመጨረሻም መስፍኑ በሰፈረበት ሊሰፍርለት ሲነሣ ምሕረት የምትለምንለት ያችው ኢዛቤላ ናት። እርስዋ ስትንበረከክ ወንድሟ የሞተ ይመስላታል። አንጄሎም ይማራል። እንግዲህ ተረቱ አይቀርም ያለውን ድራማው አስቀረው። መጋረጃው ሳይገለጥ አይቀርም ብሎ የሚያውጅ አርእስት የኢዛቤላን ልመና አስቀድሞ ይዘጋዋል። «ቁና በቁና» ቢባል ግን የእህሉ መስፈሪያ በዓይን ይታያል፤ ፍርዱም ሳይቈረጥ ይቈያል።

ስለዚህ የመስፈሪያ ቃል ያጋጠመው ተርጓሚ ቍጥሩን ከማስላቱ በፊት ቃሉ በዚያ ስፍራ ምን እንደሚሠራ ይመርምር። ዕቃ የሚመዝን ከሆነ ልኩ ይጠበቅ፤ ርቀትን የሚያሳይ ከሆነ ርቀቱ ይጠበቅ፤ ሰውን የሚመዝን ከሆነ ግን ለምሕረት የሚሆን ስፍራ ይተውለት።