የማይሸጠው መሬት ዋጋ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው ያዘመመ የጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ይገዛል። ከዚያስ? ከዚያማ ያፈርሰዋል። እስቲ ይህ ሰው የገዛው ምኑን ነው? ውሉ “ቤት” ይላል፤ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ደላላውም ግን የተሸጠው መሬቱ መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ። ምን ይደረግ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ ሁላችንም “ቤት ሸጥኩ” እንላለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ይህ ድንጋጌ በክፋት የተጻፈ ነው አልልም። “መሬት ላራሹ” ለምን እንደተጮኸ የሚያውቅ ሰው እንደዚያ አይልም። ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት መሬቱን ሸጦ ልጆቹን ይዞ እንዳይበተን የሚለው ስጋት ተራ ስጋት አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መሬቱ ገበያ እንዳይወጣ ተከለከለ፣ ዋጋውንስ ማን ይወስደዋል?

የከተማ ዳር ገበሬውን እንይ። ከተማው ሲሰፋ መሬቱ ይወሰዳል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው ሲነሣ፣ በመሬቱ ላይ ካለው ንብረት ግምት ሌላ፣ የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በዓመት 10,000 ብር ያገኝ ከነበረ 100,000 ብር መሆኑ ነው። ከዚያ ያው መሬት ተሸንሽኖ ለሊዝ ጨረታ ይወጣል። ለገበሬው ሲከፈል በጤፍ፣ ለከተሜው ሲተላለፍ በካሬ! መሬቱ አንድ፣ ሚዛኑ ሁለት።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ላላገኘ ተነሺ 10ሩን 15 አደረገው፤ በአማካዩ ፈንታም ከ3 ዓመቱ ከፍተኛውን ገቢ ያዘ። እሰየው ነው። ሚዛኑ ግን ያው የጤፍ ሚዛን ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው አንቀጽ 40ን መለወጥ ነው ይላሉ። ለዚህ ግን አንቀጽ 105 የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች ድጋፍ፣ ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ታዲያ እስከዚያ ገበሬው ምን ይብላ?

እኔ የምለው ቅርብ ነው። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ማካካሻ ይገባዋል ይላል። ከጨረታው ዋጋ ላይ ለገበሬው ድርሻ የሚቆርጥ አዋጅ ለማውጣት ከሕገ መንግሥቱ አንዲት ፊደል መፋቅ አያስፈልግም። መሬቱ የሕዝብ ነው ካልን፣ ገበሬውም ከሕዝቡ ይቆጠር እንጂ!