ለልጅ የተጻፈ፣ ለወላጅ የተነገረ፦ የአማርኛ የልጆች ተረት መጻሕፍት በቤት ውስጥ ንባብ ሚዛን

በአገራችን የልጆች ንባብ ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱ ዘወትር የሚጀምረው ከመጽሐፍ እጥረት፣ ከወረቀት ዋጋና ከወላጅ ኪስ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የማተሚያ ዋጋ በየጊዜው እየናረ ለልጅ የሚሆን ባለቀለም መጽሐፍ ማሳተም ቀላል እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ተገኝቶ፣ ወላጁም ገዝቶ ወደ ቤቱ ካስገባው በኋላ ምን እንደሚሆን የጠየቀ ኂስ እምብዛም አይታይም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፤ መጽሐፉ ሁለት ቀን ይገለጣል፣ ሥዕሎቹ ይታያሉ፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ልጁም «ድገሚልኝ» ብሎ እናቱን አያስቸግርም። ለዚህ ምክንያቱ በከፊል በራሱ በድርሰቱ፣ ይኸውም በትረካው ቋንቋ ውስጥ እንደሚገኝ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ትኩረቱ በተረት መጻሕፍት ላይ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚነካው ለማነጻጸር ያህል ብቻ ይሆናል።

ከሥነቃሉ እንጀምር። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱለት ትረካው አይጀመርም። እንቆቅልሽ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋው እንደሆነ «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል። ጠያቂውም በተሰጠው አገር ገብቶ የበላ የጠጣውን እየዘረዘረ ተሸናፊውን ካበሸቀ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልጁ ተራ አለው። ዝም ብሎ የሚቀበል አይደለም፤ እሱ ካልመለሰ ነገሩ ይቆማል። የቤት ውስጥ ንባብ ሲባል ብዙ ወላጆች ልጁ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ የሚያዳምጥበትን ሰዓት ያስባሉ። የአማርኛ ተረት ግን ከጥንቱም ጸጥታን አይፈልግም ነበር።

ሌላው ሳይነሣ የማይታለፈው ነገር የአጠራሩ ጉዳይ ነው። በቃል ተረት ውስጥ ጅብ በደፈናው ጅብ አይባልም፤ አያ ጅቦ ነው። ጦጣዋም እመት ጦጢት ናት። «አያ» ለታላቅ ወንድም ወይም ለአንጋፋ ሰው፣ «እመት» ለወይዘሮ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ እንደሆነ ልጁ በቤቱ ከሚሰማው ያውቃል። ሆዳሙና ሞኙ አውሬ «አያ» ተብሎ ሲጠራ፣ አታላይዋም «እመት» ስትባል ቀልዱ እዚያው አጠራሩ ላይ ተፈጥሯል፤ ታሪኩ ገና አንድ እርምጃ ሳይሄድ ልጁ ስቋል ማለት ነው። በዚያውም ላይ ዱሩ ጎረቤት ይሆናል፤ አውሬዎቹ ይዛመዳሉ፤ ክህደታቸውም የዘመድ ክህደት ስለሚሆን ይበልጥ ያስደነግጣል፣ ይበልጥም ያስቃል።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። አንድን ድርሰት ለይቶ መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ፍላጎት ስላልሆነ የተለመደውን አጻጻፍ የሚወክል ዐረፍተ ነገር ይህ ጸሐፊ ራሱ ሠርቶ ያቀርባል፦ «ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት እጅግ በጣም ተንኮለኛ የሆነች ጦጣ በአንድ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ከምትኖርበት ዛፍ ላይ ሆና በመመልከት ላይ ሳለች አንድ የተራበ ጅብ ወደ እርሷ በመምጣት ላይ እንደነበረ ተገነዘበች።» ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ የለውም፤ «በመመልከት ላይ»፣ «በመምጣት ላይ»፣ «ተገነዘበች» የሚሉት የቢሮ ደብዳቤ ቋንቋ ናቸው። ጦጣዋ ተንኮለኛ መሆኗን ተራኪው አስቀድሞ ስለነገረን ልጁ በራሱ የሚደርስበት ነገር አልቀረለትም። በእሳት ዳር የሚተርት ሰው ይህንኑ ቢተርተው «አያ ጅቦ ራበው። ራበው፣ ራበውና ወጣ። ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ እመት ጦጢትን ዛፍ ላይ አያት» ይል ነበር። «ሲሄድ» ሦስት ጊዜ የተደጋገመው በቃላት ድህነት አይደለም፤ መንገዱ መርዘሙን ድምፁ ራሱ እያሳየ ነው። ብዙ የልጆች መጻሕፍት አርታኢዎች ግን ድግግሞሽን እንደ ጉድለት ቆጥረው ይሰርዙታል። ለመጽሔት መጣጥፍ የሚያገለግለውን ሚዛን ለልጅ ጆሮ ማዋል ነው ይህ።

ከዚህ የከፋው የመጨረሻው ገጽ ነው። ከተረቱ በኋላ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» የሚል ርእስ ይመጣና ምክሩ ይቀርባል፤ አንዳንዴም የመልመጃ ጥያቄዎች ይከተሉታል። አሳታሚዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መጽሐፉን የሚገዛው ወላጅ ነው፣ ወላጅ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ለትምህርት እንጂ ለሳቅ አይደለም ይላሉ። ከገበያው አንጻር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከድርሰቱ አንጻር ግን ምክሩ ብዙውን ጊዜ ተረቱን ይዋሻል። እመት ጦጢት ከአያ ጅቦ ጥርስ የምታመልጠው በተንኮሏ ነው፤ የተረቱ ደስታ ትንሹ ትልቁን በብልሃት መርታቱ ነው፤ በመጨረሻው ገጽ ግን «ተንኮል መጥፎ ነው» የሚል ምክር ይጠብቀናል። ልጅ ይህን አያስተውልም ብሎ የሚያምን ከልጅ ጋር ብዙ ያልተቀመጠ ሰው ነው።

ማሞ ቂሎን እንውሰድ። ማሞ የእናቱን ምክር የማይሰማ ልጅ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ በአንድ የሚፈጽም ታዛዥ ነው። ችግሩ ለትናንቱ ነገር የተሰጠውን ምክር ለዛሬው ሌላ ነገር ማዋሉ ነው፤ ለሳንቲም የተመከረውን ለወተት ያደርገዋል። ሰሚው ልጅ ማሞ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ከማሞ ቀድሞ ያውቃል፤ ሳቁም ከዚህ ማወቅ ይመነጫል። ለአምስት ዓመት ልጅ ከባለታሪኩ በልጦ መገኘት ትልቅ ነገር ነው። ተረቱ በሌላ አነጋገር በምክር ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው። በዚህ ተረት መጨረሻ ላይ ምክር የሚለጥፍ ደራሲ ማሞ የሠራውን መሥራቱ ነው፤ ለክፍል የተዘጋጀውን ዘዴ ለምድጃ ዳር አውሎታል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በምክር የተሞላ ነው፤ ሆኖም ትውልዶች ወደውት፣ በቃላቸው ይዘውት አድገዋል። እውነት ነው። ልዩነቱ ግን እዚያ ምክሩ በግጥም መቅረቡ ነው። የቤት መድፊያው፣ የስንኙ ምት፣ ቃሉ በአፍ ላይ የሚጥምበት ሁኔታ ልጁን ይይዘዋል፤ ምክሩ የዜማው አካል ስለሆነ ከተረቱ ተገንጥሎ አይታይም። ያን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ሽማግሌ ሆኖም ስንኙን ሲወጣው የሚሰማው ይኸው ነው። በስድ ንባብ የተለጠፈ የአንድ አንቀጽ ምክር ግን ይህ ጉልበት የለውም።

ቀደም ሲል የተነሣው የድምፅ ጉዳይ ከአማርኛ አጻጻፍ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሰፋ ብሎ መታየት ይገባዋል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያመለክትም። «በጉ ይበላል» የሚለው ጽሑፍ ሲላላ በጉ ሣሩን ይግጣል፤ ሲጠብቅ አያ ጅቦ ይግጠዋል። የተረቱ ሞትና ሕይወት በአንድ የማይጻፍ ድምፅ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። አዋቂ አንባቢ ይህን ከዐውዱ ይፈታዋል። ዐውዱን ለመጠቀም ግን ቃሉን አስቀድሞ በጆሮ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አማርኛ ማንበብ የሚማር ልጅ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን የፊደል ቅርፆች በሙሉ ቢለይም እንኳ ተረት በብዛት ካልሰማ ንባቡ እንደተሰነካከለ ይቀራል። በቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ በአማርኛ ቅንጦት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀድሞዎቹ መምህራን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ግዕዝና ውርድ ንባብን አልፎ ወደ ዳዊት ይሸጋገራል፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል ይማራል። መጽሐፉ የማይጽፈውን መምህሩ በቃል ይሰጠው ነበር። እርግጥ ነው፣ ደስታ የዚያ ትምህርት ዓላማ አልነበረም፤ አርጩሜም ከአጠገቡ አይጠፋም። ሆኖም በብዙ ቤት ልጅ አባቱን ጧት ዳዊት ሲደግም፣ በሙስሊሙም ቤት ቁርአን ሲቀራ እየሰማ ያድግ ስለነበር ንባብ ድምፅ ያለውና የአዋቂ ሰው ሥራ እንደሆነ ይገባው ነበር። ተስፋ ገብረ ሥላሴ በማተሚያ ቤታቸው ያባዙት የፊደል ገበታ በየመንደሩ ሲገባም ይኸው የድምፅ ልማድ አብሮት ነበረ። የዘመኑ ወላጅ ፊደሉን ወስዶ ድምፁን ትቶታል። በብዙ ቤት «ልጄ ማንበብ ጀመረ» ማለት ገበታውን ቆጠረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 በልዩ ልዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ችሎታ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታይቷል። በዚህ ምክንያት የመማሪያ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል። ቤቱ ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጪ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ወላጁ ማንበብ አይችልም ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለእኔ አይዋጥልኝም። ፊደል ያልቆጠሩ አያት ከመጽሐፉ የበለጠ ተረት ያውቃሉ። የልጅ ልጃቸው ሲያነብላቸው «እንዲህ አይደለም የሚባለው፣ ጦጢት ያኔ እንዲህ አለችው» ብለው ቢያርሙት ያ ቤት የንባብ ቤት ነው። ልጁ አንድ ተረት ሁለት መልክ እንዳለው ያውቃል፤ በሥነጽሑፍ ትምህርት ክፍል ስለ ልዋጭ ተረት የምንሰጠው ገለጻ ከዚህ የራቀ አይደለም። ለዚህ የሚመች መጽሐፍ አጭር፣ ክፍት፣ ጥያቄ የሚያስነሣ መሆን ይኖርበታል።

አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተርቱ አገር ያዳመጣቸው በቃላቸው፣ በፊታቸውና ድምፃቸውን በመለዋወጥ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነው በልጅነቱ ያዳመጣቸው አዋቂ ሁሉ ነው። የእርሳቸው ዝግጅት አንድ ሳይታሰብ የመጣ ውጤት ግን ነበረው። ተራኪነት የቤቱ ሰው ሥራ መሆኑ እየቀረ ወላጁም ከልጁ ጎን ተቀምጦ አድማጭ ሆነ። ዛሬ ስልኩ ይህንኑ አጠናቅቆታል፤ አሁንማ ወላጁ ከጎንም የለም።

መልካም ጅምሮችን መካድ አይገባም። በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 የቂሉን ማሞ ተረት በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሳትመው፣ በዓመቱ በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፍተዋል፤ በኋላም በአዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች እንዲሄዱ አድርገዋል። ለመነሻ የመረጡት ባለታሪክ ጀግና ወይም ምስጉን ተማሪ ሳይሆን ቂል መሆኑ በኔ ግምት የልጅን ልብ የሚያውቅ ሰው ምርጫ ነው።

የሁለት ቋንቋ መጽሐፍ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከአገር ውጭ ለሚያድጉ ልጆች ከሚታተሙት መካከል በብዙዎቹ ላይ አማርኛው የእንግሊዝኛው ጥላ ሆኖ ይነበባል፤ ዐረፍተ ነገሩ በባዕድ ቅደም ተከተል ይሄዳል፣ «አያ» እና «እመት» ጠፍተዋል። እዚህ አዲስ አበባም ቢሆን ልጁን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያናግር ወላጅ አማርኛውን ከመንገድ ያገኘዋል ብሎ ይተወዋል። በዋሽንግተን የሚያድግ ልጅ ደግሞ አማርኛን የሚሰማው ከወላጆቹ አፍ ብቻ ስለሆነ «በጉ ይበላል» የሚለውን ብቻውን ሲያነብ የሚረዳው ዐውድ የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በሚዘጋጁ መጻሕፍት ላይ ቢያንስ አሻሚ በሆኑት ቃላት ላይ የማጥበቂያ ነጥብ ቢደረግ ይጠቅማል። ምልክቱ በቋንቋ ጥናት ሥራዎች የቆየ ነው፤ በኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደላት መደብም ቦታ ተሰጥቶታል። ገጹን ያበላሻል የሚሉ ሠዓሊዎችና አሳታሚዎች እንደሚኖሩ አይጠረጠርም፤ እነርሱም ምክር የሚጻፍበትን የመጨረሻውን ገጽ ቢተዉት ለነጥቡ የሚሆን ቦታም ሆነ ወጪ አይቸግራቸውም።