ዓይንና እጅ የሚመሰክሩበት ማኅደር

ለሥዕል መምህርነት ሥልጠና የሚያመለክት ወጣት የሚያዘጋጀው ፖርትፎሊዮ (የሥዕል ሥራዎቹ ማኅደር) ትልቅ አክብሮት ይገባዋል። የፈተና ውጤት የማይናገረውን ይናገራል፤ ዓይን ምን ያህል እንዳስተዋለ፣ እጅ ምን ያህል እንደለፋ።

ለደቡብ ጎንደር ልጆች፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ፣ ቁም ነገሩ ከደጃፋቸው ነው። ገደላገደሉ ርቀትንና ጥላን ያስተምራል፤ ሞሰብና ሙዳይ የቀለም ድግግሞሽን። የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተልሔም፣ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንጻ በክብ ጣሪያ ተከልሎ ይገኛል፤ ክብና ቀጥታ መስመርን አስማምቶ ለመሣል ከዚህ የተሻለ መልመጃ ከየት ይመጣል? እርሳስ ቢያጥር ከሰል አለ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ። ይህን ሞክሮ ምክንያቱን በግርጌው የጻፈ አመልካች፣ መሣል ብቻ ሳይሆን ማስረዳትም እንደሚችል አሳየ። መምህርን ከሠዓሊ የሚለየውም ይኸው ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት እውቀታቸው ለሌላው እንዲተርፍ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ስለዚህ፣ አመልካች ሆይ፣ ከፎቶግራፍ የገለበጥኸውን ትተህ ከሕይወት የሣልኸውን አስቀድም። የመጀመሪያውን ንድፍና የታረመውን ጎን ለጎን አኑር፤ ዓመተ ምሕረቱንም ጻፍበት። እንዴት እንደተማረ የሚያሳይ ሰው፣ እንዴት እንደሚያስተምር ግማሹን አሳይቷል።