ከሥዕሉ በፊት እግሩን እዩ

የልጅ አልጋ ሲገዛ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ራስጌው ላይ ያለው ሥዕል ነው፦ ቢራቢሮው፣ መኪናው፣ ፈገግ ያለው ድብ። ሠሪውም ይህን ስለሚያውቅ ጥበቡን ሁሉ እዚያ ያፈስሳል። እኔ ግን አስቀድሜ ጎንበስ ብዬ የእግሩን መርገጫ አያለሁ። እንጨት ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በተቆረጠበት ጫፉ ነው፤ ወለሉ በየቀኑ በሚወለወል ቤት ደግሞ እርጥበቱ ከታች ወደ ላይ ይሳባል። መርገጫው ሳይቀባ ከቀረ፣ የላዩ ቀለም ምንም ቢያምር ከሥር መነሣቱ አይቀርም። ኤምዲኤፍ ከሆነማ ይብሳል፤ ጫፉ ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም።

ቀጥሎ ጠርዙን በጣት ዳስሱ። እርጥብ ቀለም ከሹል ጠርዝ ይሸሻል፤ እዚያ ስለሚሳሳም መላጥ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጥርስ የሚያበቅል ሕፃን የሚነክሰውም ይህንኑ የአልጋ ጠርዝ ነው። ባለሙያ ቀለም ከመንካቱ በፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ያዶለዱመዋል።

ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በጎን በኩል፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል አድርጋችሁ ያዙት። ፊት ለፊት ሲታይ መስታወት የሚመስለው ገጽ ጉዱን ያወጣል፦ የሰረገ ስቱኮ፣ የወረደ ቀለም፣ የሻካራ ወረቀት ጭረት። ሻጩ «ሦስት እጅ ተቀብቷል» ይላል። ጥያቄው ግን በየመሃሉ ታሽቷል ወይ የሚለው ነው፤ ሳይታሹ ከተደራረቡ ሦስት እጆች በደንብ የታሹ ሁለት ይሻላሉ። በጽድ እንጨት ላይ ደግሞ ጉጦቹን ፈልጉ። ቀድመው ካልታሸጉ ሙጫቸው በነጩ ቀለም ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

ነጭ የዘይት ቀለም ሲወይብ ሰው ፀሐይን ይከስሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጨለማ ነው፤ ብርሃን የማያገኘው የቁም ሳጥን ውስጥና ከፍራሽ ሥር ያለው ክፍል ቀድሞ ይወይባል።

አልጋው መሳቢያ ካለው ስባችሁ አሽትቱ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ቀለሙ ገና አልደረቀምና ልጅ አይተኛበትም። የእንጨት መሳቢያ የሚንሸራተትበት ቦታ ሳይቀባ ቢቀር ግን አትቆጡ፤ ቀለም ከቀለም ጋር ሲፋተግ ይጣበቃል፣ ሠሪው አስቦበታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ተለጣፊ ከሆነ ማዕዘኑን በጥፍር ሞክሩት፤ ልጁም የሚሞክረው ይህንኑ ነው። በእጅ የተሣለ ከሆነ መስመሩ ባንድ ትንፋሽ የተጎተተ ነው ወይስ እየተንቀጠቀጠ የተደጋገመ? ከላዩስ ቫርኒሽ አለው? በበኩሌ የፊልም ገጸ ባሕርይ አልወድም። ልጁ በዓመት ሁለት ዓመት ይሰለቸዋል፣ አልጋው ግን ለታናሹም ይተርፋል።

ዓይንም ጣትም የማይረዱበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ሊድ። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ የዘይት ቀለሞች ብዙ ጊዜ ድምቀታቸውን ያገኙት ከሊድ ክሮሜት ነው፤ የተላጠውን ለሚውጥ ሕፃን ደግሞ ሊድ አእምሮን የሚጎዳ መርዝ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ወስናለች። ስለዚህ አልጋው የተቀባበትን ቀለም ቆርቆሮ ለማየት ጠይቁ። ሠሪው ካላሳየኝ ያልተቀባውን አልጋ ገዝቼ፣ ቀለሙን ራሴ መርጬ አስቀባለሁ።