«ደበረኝ» እና ድባቴ፦ የአንድ ቀን ሥልጠና ለምን አይበቃም?

ዛሬ ስንቴ «ደበረኝ» ብላችኋል? ክፍለ ጊዜው ሲረዝም ይደብራል፤ መብራት ሲጠፋ ይደብራል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥማ አይወራ! ችግሩ ግን በዚሁ ቃል የታመመ ሰውም ይናገርበታል። ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚሉት ሕመም ሌላ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን ስሜት ይጨልማል ወይም የምንወደው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣል። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ሐሳብን የመሰብሰብ አቅምም ይዛባሉ። በአፍላ ዕድሜ ደግሞ ከሐዘን ይልቅ ብስጭት መስሎ ሊመጣ ይችላል።

እስቲ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋን ውስጥ የምትማር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አስቡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ገና ልጅ ነበረች። አሁን የቤት ሥራ አትሠራም፤ በትንሽ ነገር ትቆጣለች። መምህሯ «ሰነፈች» ይላሉ። እናቷ «ጠባይዋ ተበላሸ» ይላሉ። እሷም ብትጠየቅ «ደብሮኝ ነው» ከማለት ሌላ ቃል የላትም።

ለዚህ የተለመደው መልስ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነው። መምህራን አዳራሽ ተጠርተው አንድ ቀን ይሠለጥናሉ፤ ግድግዳ ላይ ፖስተር ይለጠፋል፤ ተማሪው በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት አምስት ደቂቃ ምክር ይሰማል። በቃ። እኔ የምተቸው ይህንን ነው።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ2015 «ላንሴት» መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በ10 የአውሮፓ አገሮች፣ በ168 ትምህርት ቤቶች 11,110 ተማሪዎችን አካቷል። በአንዱ ምድብ መምህራን ምልክቶችን እንዲለዩ ሠለጠኑ። በሌላው ተማሪዎቹ ራሳቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለ ድባቴና ጭንቀት ተወያዩ፤ ችግሮችን በድራማ መልክ እየተጫወቱ መፍትሔ ፈለጉ። ለማነጻጸሪያ የቆመው ምድብ ፖስተር ብቻ አየ። ከዓመት በኋላ ራስን የማጥፋት ሙከራ ፖስተር ብቻ ካዩት መካከል 1.51 በመቶ፣ ከተወያዩት መካከል 0.70 በመቶ ሆነ። የመምህራኑ ሥልጠና ብቻውን ግን ከፖስተሩ ጉልህ ልዩነት አላሳየም።

እርግጥ አውሮፓና ወሎ አንድ አይደሉም፤ የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ውይይት ከባድ ነው። ይህ ማለት ግን መምህር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ምልክቱን ያወቀ መምህር ልጅቷን ወዴት እንደሚልክ ካላወቀ ዕውቀቱ ጭንቀት ይሆንበታል። ስለዚህ ከሥልጠናው ጋር መንገዱም ይሠራ፦ ከትምህርት ቤት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጠው ደሴ ሆስፒታል። ወሎዬ የተጨነቀ ሰው ሲያይ ቡና አፍልቶ፣ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ ማድረግ ያውቅበታል። ሕክምናው ይህን አይሽርም፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ከናንተስ ምን ይጠበቃል? ጓደኛችሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ደበረኝ» ካለ አትሳቁበት፤ «ምን ሆነሃል?» በሉት፣ ጨርሶ እስኪናገርም ስሙት። ስለ መሞት ካወራ ምስጢር አትጠብቁለት፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ። «ሐሳብ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ማንም አለመጠየቁ ነው።