«ምርኮኛ»፣ «ታጋች»፣ «ግዞተኛ»፦ በጦርነት ጊዜ ለሚያዙ ሰዎች ስለሚሰጥ ስያሜ

የጦርነት ሕግ ወደ አማርኛ ሲመለስ በተደጋጋሚ የሚታየው ጉድለት፣ በጦር ኃይል እጅ የገቡትን ሰዎች ሁሉ «ምርኮኛ» ወይም «እስረኛ» ብሎ ማጠቃለል ነው። ጉዳዩ የአነጋገር ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን በዚህ መስክ ስያሜው የተያዘውን ሰው መብት የሚወስን በመሆኑ፣ አንድ ቃል ሲሳሳት አንድ ሰው ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል።

«ምርኮ» በግዕዙ «ማህረከ» ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከብትንም፣ ንብረትንም፣ ሰውንም አጠቃሎ ይይዛል። በቀድሞው አገባብ ምርኮ የማራኪው ነው። በ1941 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው የጄኔቭ ስምምነት ግን በአንቀጽ 12 ምርኮኛው የያዘው መንግሥት ኃላፊነት እንጂ የማረከው ወታደር ወይም ክፍለ ጦር ንብረት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለሆነም «የጦር ምርኮኛ» በሚለው ሐረግ ውስጥ «የጦር» የሚለው ቅጽል ትርፍ መስሎ ቢታይም ሊጣል አይገባውም፤ የድሮውን ቃል አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ያሸከመው እርሱ ነውና። ይህ ደረጃ በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት የተሰጠ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተካሄደው ጦርነት የተያዙ ወታደሮች ጉዳይ በካሳ ኮሚሽኑ የ1995 ዓ.ም. ውሳኔ የታየው በዚሁ መሠረት ነው።

በአገር ውስጥ ጦርነት ነገሩ ይለወጣል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን ሲያዳርስ «ምርኮኛ» የሚለው ቃል በዜናውም በንግግሩም ይሰማ ነበር። ለንግግር ቃሉ አይነቀፍም። በሕግ ትርጉም ግን «የጦር ምርኮኛ» ማለት ሕጉ ያልሰጠውን መስጠት ይሆናል፤ በእንዲህ ያለው ግጭት መንግሥት መሣሪያ ያነሣበትን ሰው ለፍርድ ማቅረብ አይከለከልምና። በአንጻሩ ፍርድ ሳይሰጥ «ወንጀለኛ» ማለት ሕጉ የሰጠውን መንጠቅ ነው፤ ለአራቱም ስምምነቶች የጋራ የሆነው አንቀጽ 3 መሣሪያውን ያስቀመጠ ማንኛውም ሰው በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል የሚናገረው ነፃነታቸው ስለ ተገደበ ሰዎች ነው። ይህ አገላለጽ ረዘም ቢልም ከሁለቱም ስሕተት ያድናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው፣ ክስ ሳይቀርብበት ለጸጥታ ሲባል ብቻ የተያዘው ሲቪል ነው። «ማገት» የሚለው ግስ ለተርጓሚ ይቀናው ይሆናል፤ ሆኖም ታጋች መያዝን ያው አንቀጽ 3 ጨርሶ ይከለክላል። ዛሬማ «እገታ» ሲባል ሰው የሚያስበው ገንዘብ ለመጠየቅ የሚፈጸመውን ጠለፋ ነው። የተፈቀደውን በተከለከለው ስም መጥራት ሁለቱንም ያደበዝዛል።

«ግዞት» የተሻለ ይቀርባል። ቃሉ በደቡብ ወሎ ደጋ እንግዳ አይደለም፤ በአምባሰል የግሸን አምባ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር፤ መቅደላም እስከ 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞች መቆያ ነበረች። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ራስ እምሩ ወደ ፖንዛ ደሴት ተግዘዋል። ይሁንና «ግዞት» ከአገር ርቆ መቀጣትን ያሳስባል። አራተኛው ስምምነት የሚያውቀው ይዞታ ግን ቅጣት አይደለም፤ ጸጥታ ግድ ሲል ብቻ የሚወሰድና በየጊዜው እንደ ገና ሊመረመር የሚገባው እርምጃ ነው። «ግዞተኛ» የሚለውን የሰማ ሰው ይህን የምርመራ መብት ከቃሉ አያገኘውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 19 እስከ 21 «የተያዙ»፣ «የተከሰሱ»፣ «በጥበቃ ሥር ያሉ»ና «በፍርድ የታሰሩ» ሰዎችን ለያይቶ ጠርቷል። ስለዚህ ለመጨረሻው ጉዳይ «ለጸጥታ ሲባል በጥበቃ ሥር የዋለ ሰው» የሚለውን እንመርጣለን፤ ምክንያቱንም ሁኔታውንም ይናገራል፣ ጥፋተኛም አያደርግም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በምክር ቤት የጸደቀውና በ2016 ዓ.ም. ያበቃው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቅዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተይዞ የቆየ ሰው «ተጠርጣሪ» ከተባለ በምን ወንጀል ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። መልስ ከሌለ ስያሜው ሐሰት ነው።

ተርጓሚ ሕግ አያወጣም፤ ሆኖም የተያዘው ሰው መብቱን የሚጠይቅበትን ቃል የሚያቀብለው እርሱ ነው።