ሬዲዮ ያልጫነችው ጀልባ

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባሕርን የማውቀው በወሬ ነው። እናቴ ቡና የምታፈላበት ባሕር ዛፍ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ በመምጣቱ መሆኑን እንኳ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ የመርከበኛ ታሪክ ሳነብ ልቤ ብዙም አይሸፍትም። ሰሞኑን ግን አንድ ባልና ሚስት ስለ መጀመሪያው ታላቅ የውቅያኖስ ጉዟቸው የጻፉት መጽሐፍ ከአንድ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ እጅ ገባልኝ። አንብቤም አልቀረሁ፤ ከባለቤቴ ጋር አከራክሮኝ ሰነበተ።

መጽሐፉ ሞሪስና ማራሊን ቤይሊ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት «117 ዴይስ አድሪፍት» ነው። በእኛ አነጋገር «117 ቀን በማዕበል እየተነዱ» ብንለው ያስኬዳል። ባልና ሚስቱ የደርቢ ከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። እሱ የማተሚያ ቤት፣ እሷ የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። ቤት አላቸው፤ ደመወዝ አላቸው። ሆኖም በየቀኑ ያንኑ መንገድ መመላለሱ ሰለቻቸውና ቤታቸውን ሸጠው 31 ጫማ ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ ባለቤት ሆኑ። ከሁለቱም ስም ቆርጠው «ኦራሊን» አሏት። ጁን 1972 ከሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሡ፤ መድረሻቸው ኒውዚላንድ ነበር።

አትላንቲክን ተሻግረው፣ የፓናማን ቦይ አልፈው ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ሲያመሩ፣ ማርች 4 ቀን 1973 ንጋት ላይ አንድ ዓሣ ነባሪ ጀልባዋን መትቶ ሸነቆራት። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ኦራሊን ሰጠመች። የቀራቸው በአየር የተነፋ የነፍስ አድን ታንኳ፣ ከእሱ ጋር በገመድ የታሰረች ትንሽ የጎማ ጀልባና ያዝ ያዝ አድርገው ያወጡት ስንቅ ብቻ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ የዝናብ ውሃ እየጠጡ፣ የባሕር ኤሊ፣ ዓሣና ወፍ በጥሬው እየበሉ ወራት አሳለፉ። ጁን 30 ቀን 1973 የደቡብ ኮሪያ ዓሣ አጥማጆች መርከብ «ዎልሚ 306» ሲያነሣቸው እያንዳንዳቸው 18 ኪሎ ያህል ቀንሰው ነበር።

ታሪኩ ይኸው ነው። እኔን የያዘኝ ግን አጻጻፉ ነው። ባልና ሚስቱ ትረካውን እየተፈራረቁ ይጽፉታል፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ። ሁለቱም ጸሐፊዎች አይደሉምና ቃል አያሳምሩም፤ እንባችንንም አይለምኑም። ኤሊ እንዴት እንደሚታረድ ሲነግሩን ጎረቤት ስለ በግ ቅርጫ የሚያወራ ነው የሚመስለው። በዚህ ደረቅ አነጋገር ምክንያት መከራው ይበልጥ ይታመናል። ብዙ የጉዞ ጸሐፊዎች የፀሐይ መጥለቂያን ሲገልጹ በሚያባክኑት ገጽ እነዚህ ሰዎች አንድ ሙሉ ወር ያሳዩናል።

መጽሐፉ የሚደክመው ሁለቱም አብዝተው የሚወዱት ቃል ላይ ሲደርስ ነው፤ ቃሉም «ነፃነት» ነው። ባሕር ላይ የወጡት ነፃ ለመሆን ነው ይሉናል፤ እሺ ብለን እናልፋለን። ወዲያው ግን አንድ ትንሽ ነገር ትጎረብጠናለች። ኦራሊን መልእክት ማስተላለፊያ ሬዲዮ አልነበራትም። ሬዲዮ ይቅር ብሎ የጸናው ሞሪስ ነው፤ ምክንያቱም ነፃነታቸውን ከውጭ ጣልቃ ገብነት ለመጠበቅ ነበር። አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ሞሪስ ሁለተኛውን ባላ የተወው ረስቶት አይደለም። ባላው ራሱ ነፃነቱን የሚነካበት መስሎት ነው።

ከዚያስ? ሰባት መርከቦች እያዩዋቸው አለፉ። ርችት ለኮሱ፣ ልብስ አውለበለቡ፣ ጮኹ፤ የሰማ የለም። በዚህ ጊዜ ማንም ጣልቃ የማይገባበት ሰው የመሆን ምኞት ቃል በቃል ተፈጽሟል። ያዳናቸው ስምንተኛው መርከብ ነው፤ እሱም የማያውቃቸው፣ ከራሱ ሥራ ተመልሶ ጣልቃ የገባ ሰው ነው። መጽሐፉ ኮሪያውያኑን በፍቅር ያመሰግናል። ይህ ምስጋና ከሬዲዮው ውሳኔ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ምን እንደሚባባሉ ግን የሚገባውን ያህል አይጠይቅም። በእኔ ሚዛን የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ሆኖም ያልጠየቀውን ነገር ሳያስበው ያሳየናል። እሱ መርከበኛ ነውና ስለ ነፋስና ስለ አቅጣጫ ያሰላል። እሷ መዋኘት እንኳ አትችልም፤ የምታስበው ነገ ስለሚበላው ነው። ዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ባጡ ጊዜ መርፌ ቁልፍ አጥፋ መንጠቆ የሠራች እሷ ናት። ከወረቀት ካርታ መጫወቻ አዘጋጅታ ጊዜውን የገፋች እሷ ናት። እሱ ታሞ ተስፋ ሲቆርጥ፣ አገር ቤት ስንገባ የምናበላው ግብዣ ይህንና ያንን ይይዛል እያለች ዝርዝር የምታወጣውም እሷ ናት። በአንድ ወቅት ታንኳውን እንድትጎትትላቸው ኤሊ በገመድ አሰሩ። ኤሊዋም ወደሚፈልጉት አቅጣጫ መሳብ ጀመረች። ጉልበት ለመጨመር ሁለተኛ ኤሊ ቢያክሉ ይህኛው በተቃራኒው ሳበ። እነሱ የሚነግሩን እንደ አንድ ቀን ገጠመኝ ነው፤ እኔ ግን ስለ ነፃነት ከጻፉት ሁሉ ይልቅ ይህ ገጽ ነው ያስተማረኝ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ተስማምተው ሲነሡ በሁለት አቅጣጫ ሊስቡ ይችላሉ። ለሞሪስ ነፃነት ከሰው መራቅ ነበር። ለማራሊን ከእሱ ጋር ወደ አንድ ቦታ መሄድ ነበር።

ክርክሩ የተነሣውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት የወር ደመወዜን ትቼ «ነፃ ጸሐፊ» የሆንኩ ሰው ነኝ። «ነፃ» የሚለው ቃል በአማርኛ «ያለ ክፍያ» ማለትም እንደሆነ ያኔ በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው የባለቤቴ ደመወዝ ነው። አንድ ማታ ታሪኩን ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝና፤

«ለመሆኑ ሬዲዮውን ይቅር ያለው ማን ነው?» አለችኝ።

«ባልየው።»

«መንጠቆውን የሠራችውስ?»

«ሚስትየዋ።»

«የእኛን ቤት የምታወራ መስሎኝ ነበር» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ቶሎ መሳቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ሞሪስን በሰው ሚስት ጀርባ ነፃነቱን የገዛ ሰው አድርጌ ልከስሰው ተነሣሁ። መጽሐፉ ግን ለክሱ አልተመቸኝም። ቤታችንን ሸጠን ጀልባ እንግዛ የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣችው ማራሊን ናት። ነፍስ አድኑ ታንኳ ላይ ተኝተው የሚቀጥለውን ጀልባ ንድፍ ያወጡት ሁለቱም ናቸው። ያንን ጀልባ ሠርተው «ኦራሊን 2» ብለው በ1975 እንደገና ወደ ፓታጎንያ ሄደዋል። ተገዳ የምትሄድ ሴት ሁለተኛ አትሄድም። ስለዚህ የምከስሰው ሰውየውን ሳይሆን ቃሉን ነው፤ «ነፃነት» የሚለው ቃል ማን ምን እንደተሸከመ ሳይጠየቅበት ያልፋልና።

ይህን ጥያቄ በግልጽ ያነሣ ሌላ መጽሐፍ አለ። ሶፊ ኤልምኸርስት የተባለች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2024 «ሞሪስ ኤንድ ማራሊን» በሚል ርእስ ታሪኩን እንደ ትዳር ታሪክ ጽፋዋለች። ባልና ሚስቱ ያፈሩበትንና ያለፉትን የሞሪስን ጨለማ ትገልጠዋለች። ማራሊን በ2002 ካረፈች በኋላ ሞሪስ ብቻውን የኖረውን ኑሮም ትከተላለች። ያን ጊዜ ጣልቃ የሚገባበት ሰው አልነበረም፤ ነፃነት ግን ብሎ የጠራው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ ጀልባና ክፍት ባሕር ሲባል የሚታወሰው የሸራ ጉዞ አይደለም። ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን፣ ከሊቢያ ወደ ኢጣልያ የተሳፈሩ ልጆቻችን ናቸው። እነሱም የሄዱት ነፃነት ፍለጋ ነው። ባሕሩ መሐል ሆኖ የሚደውልለት ሰው ያገኘ ከመካከላቸው ዕድለኛ ነው። ሬዲዮን ለነፃነት ሲሉ መተው ሲፈልጉ መያዝ ለሚችሉ ሰዎች የተሰጠ ምርጫ መሆኑን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ የቤይሊዎችን መከራ አያሳንሰውም፤ እኛ ግን መጽሐፉን ስናነብ ይህን ይዘን ነው የምናነበው።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም መጻሕፍት ቢያነብ እመክራለሁ፤ መጀመሪያ የባልና ሚስቱን፣ ቀጥሎ የኤልምኸርስትን። የመጀመሪያው ጉድለት ቢኖርበትም የራሳቸው ድምፅ ያለበት እሱ ነው። ከተቻለም ለብቻ አይነበብ። የእኔን ቅጂ ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ ሰጥቻታለሁ። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ጥቂት ጥቂት ገጽ ታነብባለች፤ ትናንት ዓሣ ነባሪው ዘንድ ደርሳለች። እስክትጨርስ ምንም ላልላት ቃል ገብቻለሁ።